የማኅበሩ መኪና ለምን ውኃ ጠጣች?

ከሸዋ ሮቢት ተነሥቶ በደብረ ሲና በኩል ወደ ጣርማ በር የሚያቀናው መንገድ መኪናንም ሾፌርንም የሚፈትን አቀበት ነው። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ 1300 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ቆላ ስትገኝ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን ተራራውን ሰንጥቆ የተሠራው የጣርማ በር ዋሻ ግን ከ3000 ሜትር በላይ በሆነ ውርጭ ላይ ይገኛል። በ2011 ዓ.ም. ግንቦት ወር አጋማሽ ላይ የአንድ የመንዝ ገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበር ንብረት የሆነች አሮጌ ላንድሮቨር ሽንኩርትና ማሾ ጭና ይህን አቀበት ስትወጣ፣ ከደብረ ሲና ከተማ አለፍ እንዳለች በኮፈኗ ሥር እንፋሎት እየተፋች ቆመች።

ሾፌሩ በሥራው ላይ 12 ዓመት የቆዩ ሰው ናቸው። የጫኑት ሽንኩርት እንዳይበላሽ፣ የመሸባቸው ተሳፋሪዎችም በብርድ እንዳይቸገሩ በመስጋት ከመንገዱ ዳር ከሚወርደው ምንጭ በጀሪካን ቀድተው ውኃውን በጋለው ራዲያተር ውስጥ ጨመሩ። ቀዝቃዛው ውኃ ሲገባ ከሞተሩ ውስጥ አንድ ቀጭን የመሰንጠቅ ድምፅ እንደሰሙ በኋላ ራሳቸው ተናግረዋል። ከዚያ በኋላ ሞተሩ ቢነሣም እየተንቀጠቀጠ አቀበቱን ሊገፋ አልቻለም። በማግስቱ መኪናዋ በአንድ የጭነት መኪና ተጎትታ ደብረ ብርሃን ገባች።

ጊዜው የማይመች ነበር። የክረምቱ ዝናብ ሊገባ ሁለት ሳምንት ያህል ቀርቶታል። የአባላቱ ማዳበሪያ ደብረ ብርሃን ከሚገኘው መጋዘን ገና አልተነሣም። ላንድሮቨሯ በአንድ ጉዞ ከ8 ኩንታል በላይ አትጭንም፤ ነገር ግን የጭነት መኪና በማይወጣበት የገደል መንገድ እስከ መንደሩ ድረስ የምትዘልቀው እርስዋ ብቻ ናት። ምጥ የጠናባት እናት በቃሬዛ ወደ ዋናው መንገድ ከመወሰድ ይልቅ ጤና ጣቢያ የምትደርሰውም በዚችው መኪና ነው። ስለዚህ መኪናዋ መቆሟ የኮሚቴው ጉዳይ ብቻ ሆኖ አልቀረም።

ሰባት አባላት ያሉት የሥራ አመራር ኮሚቴ በዚያው ሳምንት ተሰበሰበ። የስብሰባው መንፈስ ቁጣ ነበር። ሾፌሩ በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ማፍሰሳቸውን ሳይሸሽጉ በመናገራቸው፣ አብዛኛው አባል ጥፋተኛው ተገኝቷል ብሎ አመነ። የጥገናው ወጪ ግማሽ በየወሩ ከደመወዛቸው እንዲቆረጥ ሐሳብ ቀርቦ ስድስት እጅ ሲወጣለት፣ የቁጥጥር ኮሚቴው ሰብሳቢ የሆኑ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ብቻ ተቃወሙ።

«በሬ ሲሞት መጀመሪያ ሆዱ ተከፍቶ ይታያል እንጂ እረኛው አይገረፍም፤ እኔ ልሂድና በዓይኔ ልየው» አሉ።

ውሳኔው እስኪመለሱ ድረስ ሳይጻፍ እንዲቆይ ተደረገና ሽማግሌው አንድ ደብተር ይዘው ደብረ ብርሃን ወረዱ።

ሞተር እንደ ከብት ሲመረመር

መኪናዋ የገባችበት ጋራዥ መካኒክ ከ40 ዓመት በላይ በሙያው የቆዩ ሰው ሲሆኑ፣ ሥራቸውን የጀመሩት በመፍቻ ሳይሆን በጥያቄ ነበር። ውኃ መቀነስ የጀመረችው መቼ ነው? ከቆመችበት ሥር መሬቱ ይረጥባል ወይስ ደረቅ ነው? ጧት ስትነሣ ትንቀጠቀጣለች? ጭሱ ምን ዓይነት መልክ አለው? ሾፌሩ ለሁሉም መልስ ነበራቸው። ከመጋቢት ወር ጀምሮ በየአቀበቱ ውኃ ታጎድላለች፤ ከሥርዋ ግን አንዲት ጠብታ አይታይም። ጧት ጧት አንድ እግሯ እንደሚያነክስ ፈረስ እየተንገራገጨች ትነሣና ጥቂት ቆይታ ትስተካከላለች። ጭሷ ነጭ ነው።

መካኒኩ በነጩ ጭስ ላይ ወዲያው አልፈረዱም። በደብረ ብርሃን ውርጭ የጤነኛ መኪና ጭስም ጧት ነጭ ነው፤ የሰውም ትንፋሽ ነጭ ነው። አጠራጣሪ የሚሆነው ሞተሩ በሚገባ ከሞቀ በኋላም ነጭ እንፋሎት ከማርሚታው መውጣቱን ሳያቋርጥ ሲቀር ነው። የዘይቱም ነገር እንዲሁ ነው። የዘይት መለኪያው ዘንግ ወጥቶ ሲታይ ዘይቱ የማኪያቶ መልክ ከያዘ ውኃ ገብቶበታል ማለት ነው። ዳሩ ግን ከዘይት መጨመሪያው ክዳን ሥር ብቻ ስስ የሆነ እንደ አሬራ ያለ ነገር ቢታይ፣ በብርድ አገር አጭር አጭር መንገድ የሚሠራ መኪና ከእርጥበት የሚያመጣው ሊሆን ስለሚችል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ብዙ ሞተር ያለ በሽታው የሚፈታው በዚህ ስሕተት ነው። በዚችኛዋ መኪና ግን በዘንጉም ላይ ዘይቱ ነጣ ብሎ ተገኘ።

ቀጥሎ ራዲያተሩ እስከ አፉ በውኃ ተሞልቶ የማራገቢያው ቺንጋ ወለቀና ሞተሩ ለአጭር ጊዜ ብቻ ተነሣ። ቺንጋው የሚወልቀው የውኃው ፖምፓ ውኃውን እየናጠ እንዳያሳስት ነው። ወዲያውኑ ከራዲያተሩ አፍ የሚፈላ ሽሮ የመሰለ አረፋ ይንተከተክ ጀመር። ውኃው ገና ቀዝቃዛ ስለ ነበረ ይህ የመፍላት አረፋ አይደለም፤ በሲሊንደር ውስጥ የተቃጠለው ጋዝ ወደ ውኃው መንገድ ሾልኮ እየወጣ ነው ማለት ነው።

የትኛው ሲሊንደር? መካኒኩ ሞተሩ እየሠራ የካንዴላ ገመዶችን በደረቅ ጨርቅ እየያዙ አንድ በአንድ ነቀሉ። የመጀመሪያው ሲነቀል ሞተሩ ክፉኛ ደከመ፤ አራተኛውም እንዲሁ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ሲነቀሉ ግን ድምፁ እምብዛም አልተለወጠም። ካንዴላዎቹ ሲወጡም የሦስተኛው ታጥቦ የተወለወለ ይመስል ነጽቶ ተገኘ። የጭስ ጥቀርሻ ሊኖርበት የሚገባ ካንዴላ ከነጻ ያጠበው ውኃ ነው።

በመጨረሻም የሲሊንደሮቹ ግፊት በመለኪያ ተወሰደ። ሽማግሌው በደብተራቸው እንዲህ ብለው ጻፉ፦ አንደኛው 100 ፓውንድ፣ ሁለተኛው 45፣ ሦስተኛው 40፣ አራተኛው 95። እዚህ ላይ አንድ ወጣት ረዳት መካኒክ መጽሐፉ ከዚህ በጣም የበለጠ ስለሚል አራቱም ሲሊንደሮች ደክመዋል ሲል ሐሳብ አቀረበ። መካኒኩ አልተቀበሉትም። በደብረ ብርሃን ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው 70 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ በባሕር ጠረፍ 145 ፓውንድ የሚያሳይ ጤነኛ ሲሊንደር እዚህ 100 ቢያሳይ ልኩ ነው። ይህን ባለማወቅ በደጋ አገር ስንት ሞተር ፋሻው ያለ አግባብ ተለውጦ ይሆን? የሚታየው የቁጥሩ ትልቅነት ብቻ ሳይሆን በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው።

በሁለቱ ደካማ ሲሊንደሮች ውስጥ ጥቂት ዘይት ጠብ ተደርጎ ግፊቱ እንደገና ሲለካ ከፍ አላለም። ጉድለቱ የፒስተኑ ፋሻ ቢሆን ኖሮ ዘይቱ ክፍተቱን ደፍኖ ቁጥሩን ከፍ ያደርገው ነበር። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ሲደክሙ ደግሞ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ጋስኬት ተቃጥሎ ግድግዳው ፈርሷል ማለት ነው። መካኒኮች ቴስታታ የሚሉት የሞተሩ ራስ መነሣት እንዳለበት የታወቀው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ክዳኗ

ሽማግሌው ግን ሌላ ጥያቄ ነበራቸው። «ጋሼ፣ ጋስኬቱን ያቃጠለው ማነው? ውኃው የፈሰሰው ባለፈው ሳምንት ነው፤ እርስዋ ግን ከመጋቢት ጀምሮ ታማ ነበር እያሉ ነው» ሲሉ ጠየቁ።

መካኒኩ ወደ ራዲያተሩ ሄደው ክዳኑን አንሥተው አሳዩዋቸው። በአፉ ላይ የነበረው የመኪናዋ የራሷ ክዳን አልነበረም። ከሌላ መኪና የመጣ፣ ጥብቀቱ የላላ፣ ውስጡ የጎማ ማኅተምም ሆነ ሞላ የሌለው፣ እንዳይወድቅ በሽቦ የታሰረ ቆርቆሮ ነበር።

የራዲያተር ክዳን የእንስራ ክዳን አይደለም። ሥራው ቆሻሻ እንዳይገባ መከላከል ብቻ ሳይሆን ውኃውን በግፊት አፍኖ መያዝ ነው። ውኃ በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ከፍታው በ300 ሜትር በጨመረ ቁጥር ግን የመፍሊያው ደረጃ በ1 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። የመንዝ ሴቶች ባቄላና ሽንብራ ከቆላው ይልቅ ቶሎ አልበስል የሚላቸው በዚሁ ምክንያት ነው። በሸዋ ሮቢት 95 ወይም 96 ዲግሪ ድረስ የሚታገሥ ውኃ ጣርማ በር ላይ 90 ዲግሪ ሲደርስ ይፈላል። በአንጻሩ ደግሞ 0.6 ባር ያህል ግፊት የሚይዝ ደኅና ክዳን የመፍሊያውን ደረጃ ከ10 ዲግሪ በላይ ከፍ ያደርገዋል። እንግዲህ አቀበት ሲወጣ ሞተሩ ይበልጥ ይግላል፤ ከፍታው ሲጨምር ውኃው ይበልጥ ለመፍላት ይቸኩላል፤ በመካከላቸው የሚቆመው ክዳኑ ብቻ ነው። እርሱ ከሌለ ውኃው ይፈላል፣ እንፋሎቱ ይወጣል፣ ውኃ ያልደረሰበት የሞተሩ ራስ ይጣመማል፤ ከተጣመመው ራስ ሥር ጋስኬቱ ይቃጠላል።

መካኒኩ ሌላም ጉድለት አግኝተዋል። የውኃውን ሙቀት የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት ቀደም ባለ ጥገና ወልቆ ተጥሏል። ይህ በብዙ ቦታ የተለመደ ነው፤ «ውኃው እንደ ልብ ይዙር» ተብሎ ይወልቃል። ነገር ግን ቴርሞስታት የሌለው ሞተር በደጋ ብርድ ቶሎ አይሞቅም፤ ያልሞቀ ሞተር ደግሞ ቤንዚን ያባክናል፤ የሲሊንደሩም ግድግዳ ቶሎ ያልቃል። ከዚህም ሌላ በአንዳንድ ሞተር ውስጥ ቴርሞስታቱ ሲከፈት አቋራጩን የውኃ መንገድ አብሮ ስለሚዘጋ፣ እርሱ ሲወልቅ የውኃው ከፊል ራዲያተሩን ሳይነካ መልሶ ይዞራል። በራዲያተሩ ቅጠሎች መካከልም ካለፈው የመኸር አውድማ የቀረ የገብስ ገለባ ተሰግስጎ ተገኝቷል። እርሱን ማጽዳት የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።

ሽማግሌው ይህን ሁሉ ከጻፉ በኋላ ወደ ሾፌሩ ዞረው «ስለ ክዳኑ ለኮሚቴው ነግረህ ነበር?» ቢሏቸው፣ ሾፌሩ ከመሪው ሥር ካለው ኪስ አንድ የተጣጠፈ ደብተር አወጡ። የካቲት 20 ቀን 2011 ዓ.ም. የተጻፈ የግዥ ጥያቄ ነበር፦ አንድ የራዲያተር ክዳን፣ አንድ ቺንጋ። ከሥሩ በገንዘብ ያዡ እጅ «ወደፊት ይታያል» የሚል ቃል ሰፍሯል። የክዳኑ ዋጋ ከአንድ ጠቦት በግ ዋጋ በብዙ ያነሰ ነበር።

ጠመኔና ላምባ

ቴስታታው የተነሣው ሞተሩ አንድ ሌሊት ሙሉ ከበረደ በኋላ ነው። በጋለ ሞተር ላይ ብሎን መፍታት ራሱን ቴስታታውን ያጣምመዋል። የባትሪው ገመድ ተፈታ፣ ውኃው ከራዲያተሩም ከሞተሩ ጎንም ተቀዳ፤ ካርቡራተሩ ወረደ። ባልቦላዎቹን የሚያንቀሳቅሱት ስምንት ዘንጎች ሲወጡ ረዳቱ ስምንት ቀዳዳ በበሳው ካርቶን ላይ በየተራቸው ሰካቸው። እያንዳንዱ ዘንግ ከለመደው ቦታ ሌላ ቦታ መግባት የለበትም። ብሎኖቹም ከዳር ወደ መሐል እየተዘዋወረ በትንሽ በትንሹ ተፈቱ።

ጋስኬቱ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሲሊንደር መካከል የጣት ስፋት ያህል ተቃጥሎ ጠቁሯል። መካኒኩ የቴስታታውን ፊት በሚገባ ጠርገው ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በቁመቱም፣ በወርዱም፣ በማዕዘን ወደ ማዕዘንም እያጋደሙ በሥሩ ቀጭን የልኬት ቅጠሎች አስገቡ። ባለ 0.10 ሚሊ ሜትሩ ቅጠል ከገባ ፊቱ ወደ ቶርኖ ቤት መሄድ አለበት ማለት ነው። በመሐል ላይ ባለ 0.20 ሚሊ ሜትሩ ገባ።

ጉዳዩ በዚህ ቢቆም ኖሮ ፊቱን አስልጦ መመለስ ይቻል ነበር። ነገር ግን ሾፌሩ ሰማሁት ያሉት ድምፅ ገና መልስ አላገኘም። መካኒኩ የሦስተኛውን ሲሊንደር የባልቦላ መቀመጫዎች በላምባ ቀብተው ጥቂት ካቆዩ በኋላ በንጹሕ ጨርቅ አደረቁትና ጠመኔ ፈጭተው ነሰነሱበት። ሁሉም ዝም ብለው ተመለከቱ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በነጩ ጠመኔ ላይ ከአንዱ መቀመጫ እስከ ሌላው የምትደርስ እንደ ፀጉር የቀጠነች እርጥብ መስመር ታየች። ስንጥቁ ውስጥ የተደበቀው ላምባ ወጥቶ ጠመኔውን ማርጠቡ ነው።

«ይቺ የውኃው ናት» አሉ መካኒኩ። «ያ የተጣመመው ግን የክዳኑ ነው። ሁለቱን አትቀላቅሏቸው።»

ሾፌሩ አንገታቸውን ደፍተው ቆዩ። የጋለ ሞተር ከሥራ ወርዶ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሳይቆይ ውኃ አይጨመርበትም፤ የግድ ከሆነም ሞተሩ በዝግታ እየሠራ ለብ ያለ ውኃ በትንሽ በትንሹ ነው የሚጨመርበት። ክዳኑም በጋለበት ቢከፈት ፊትንና እጅን ይልጣል። ይህን ሾፌሩ ያውቁ ነበር፤ ያን ምሽት ግን ብርዱና ጭነቱ አስቸኮላቸው።

ስንጥቁን በብየዳ መድፈን ይቻላል ወይ የሚለው ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። የላንድሮቨሯ ቴስታታ ሻጋታ ውስጥ የፈሰሰ ብረት ነው። እንዲህ ያለው ብረት ሳይሞቅ ከተበየደ ከጎኑ እንደገና ይሰነጠቃል፤ በሚገባ ለመበየድ መላው ራስ በቀስታ መሞቅ፣ ከተበየደም በኋላ በቀስታ መብረድ ይኖርበታል። ይህን የሚሠራ ምድጃ በአቅራቢያው ስላልነበረ ሌላ ቴስታታ መፈለግ ግድ ሆነ።

ገዥ ሆኖ መርካቶ መውረድ

ይህ ዓይነት ላንድሮቨር የተሠራው እ.ኤ.አ. ከ1971 እስከ 1985 በነበሩት ዓመታት ነው። ስለዚህ ዕቃው አዲስ ሆኖ በየሱቁ አይገኝም። መካኒኩና ሽማግሌው በአዲስ አበባ መርካቶ የመኪና መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ወደ ሶማሌ ተራ ሲወርዱ በኪሳቸው የያዙት የብረት ማስመሪያ፣ የልኬት ቅጠሎች፣ ትንሽ ጠርሙስ ላምባና አንድ ጠመኔ ነበር።

የመጀመሪያው የቀረበላቸው ቴስታታ ከናፍጣ ላንድሮቨር የወረደ ሆኖ ተገኘ። የቤንዚኑም የናፍጣውም ሞተር እኩል 2286 ሲሲ በመሆናቸው ለማያውቅ ሰው አንድ ይመስላሉ፤ ቴስታታቸው ግን አይለዋወጥም። በካንዴላው ቦታ የናፍጣ መርጫ ቀዳዳ መኖሩን አይቶ መለየት ይቻላል። ሁለተኛው የቤንዚን ነበር፤ ፊቱም ተስሎ ያብረቀርቃል። ጠመኔው ሲነሰነስበት ግን ስንጥቅ አወጣ። ሻጩም ሳይቆጣ እርሱ ራሱ ተገርሞ ጠመኔውን ተዋሰና ሌሎቹን ዕቃዎቹን ይፈትሽ ጀመር። ንጹሕ ሆኖ የተገኘው ሦስተኛው ነው።

እዚህ ላይ አሮጌ የቤንዚን መኪና ያላቸው ማኅበራት ሊያውቁት የሚገባ አንድ ነገር አለ። እነዚህ ሞተሮች የተሠሩት እርሳስ ለተቀላቀለበት ቤንዚን ነው። እርሳሱ የባልቦላውን መቀመጫ ከመበላት ይጠብቀው ነበር። ከሰሐራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮች እ.ኤ.አ. እስከ 2006 መግቢያ ድረስ ይህን ቤንዚን ለሰው ጤና ጠንቅ በመሆኑ ስለተዉት፣ የአሮጌ ቴስታታ መቀመጫ በአዲሱ ቤንዚን ቶሎ ይበላል። ባልቦላው ወደ ውስጥ እየሰመጠ ሲሄድ ክፍተቱ ይጠብና ሳይገጥም ቀርቶ ይቃጠላል። ስለዚህ የተገዛው ቴስታታ ፊቱ ብቻ ሳይስተካከል የጭስ መውጫዎቹ የባልቦላ መቀመጫዎች በጠንካራ ብረት ቀለበት እንዲለወጡ ተደረገ። ባልቦላዎቹም ከየመቀመጫቸው ጋር ተፋትገው ከገጠሙ በኋላ በጭስና በአየር መተላለፊያው በኩል ላምባ ተሞልቶባቸው ታዩ። የሚያፈስ አልነበረም።

መልሶ መግጠሙ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ አብዛኛው ጊዜ ያለቀው ግን በጽዳት ነበር። የሞተሩ አካል ፊት አሮጌው ጋስኬት አንድ ቅንጣት እንኳ ሳይቀርበት ተፋቀ፣ ሲሊንደሮቹም ፍቅፋቂ እንዳይገባባቸው በጨርቅ ተወተፉ። የብሎን ቀዳዳዎቹ በአየር ተነፍተው ደረቁ። በጉድጓዱ ሥር ውኃ ወይም ዘይት ተጠራቅሞ ብሎን ከጠበቀበት፣ ብሎኑ የጠበቀ እየመሰለ ሳይጠብቅ ይቀራል፤ ከዚያም ብሶ የሞተሩን አካል ሊሰነጥቅ ይችላል። ጋስኬቱ አዲስ ነው። አንድ ጊዜ የታመቀ ጋስኬት ምንም ደኅና ቢመስል ተመልሶ አይገጠምም።

ብሎኖቹ ከመሐል ተጀምሮ ወደ ዳር እየተዞረ፣ በሦስት ዙር፣ የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ ጠበቁ። የመጨረሻው ልክ በሞተሩ መጽሐፍ የተጻፈው ነው፤ የቤንዚኑና የናፍጣው ልክ አንድ ስላልሆነ በግምት ወይም በክንድ ጉልበት የሚተው አይደለም።

የባልቦላውን ክፍተት ማስተካከል የወጣቱ ረዳት ተራ ነበር። በዚህ ሞተር የሁሉም ባልቦላ ክፍተት 0.25 ሚሊ ሜትር ነው። ስምንቱ ባልቦላዎች ከራዲያተሩ በኩል ጀምሮ ከ1 እስከ 8 ይቆጠራሉ። 8ኛው ሙሉ በሙሉ ተጭኖ ሲከፈት 1ኛው ይስተካከላል፤ 7ኛው ሲከፈት 2ኛው፣ 6ኛው ሲከፈት 3ኛው እያለ ይሄዳል፤ የሁለቱ ድምር ምንጊዜም 9 ይሆናል። ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ ተደስተው በደብተራቸው ሁለት ጊዜ አሰመሩበት፤ በጣታቸውም እየቆጠሩ ረዳቱን ሁለት ጊዜ አረሙት። የካንዴላ ገመዶቹም በእሳት አሰጣጡ ተራ በ1፣ 3፣ 4፣ 2 ተመለሱ።

ነጣ ያለው ዘይት ከነማጣሪያው ተለወጠ። አዲስ ቴርሞስታትና ልኩ የሆነ ክዳን ገባ። ራዲያተሩ የተሞላው በምንጭ ውኃ ብቻ ሳይሆን የውርጭ መከላከያ ተቀላቅሎበት ነው። ይህ ፈሳሽ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ውኃው በረዶ ሆኖ ሞተሩን እንዳይሰነጥቅ ከማድረጉም በላይ ዝገትን ይከላከላል። ሞተሩ ተነሥቶ በሚገባ ከሞቀና እንደገና ከበረደ በኋላ የብሎኖቹ ጥብቀት ዳግመኛ ታየ፤ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከተነዳም በኋላ ከባልቦላው ክፍተት ጋር እንደገና እንዲታይ ቀን ተቆረጠለት። ግፊቱ ሲለካ አራቱም ሲሊንደሮች ከ95 እስከ 100 ፓውንድ አሳዩ።

ወጪው ሁሉ ተደምሮ የአሥራ አምስት በግ ዋጋ ሆነ።

ኮሚቴው ሰኔ 3 ቀን 2011 ዓ.ም. እንደገና ሲሰበሰብ ሽማግሌው የተሰነጠቀውን ቴስታታ በጆንያ አስይዘው መጡና በጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ማስመሪያውን አጋድመው የተጣመመበትን፣ ጠመኔውን ነስንሰው የተሰነጠቀበትን ለየብቻ አሳዩ። ቀጥሎም የየካቲት 20ውን የግዥ ጥያቄ አነበቡ። ገንዘብ ያዡ በዚያን ጊዜ ካዝናው ለምርጥ ዘር ግዥ ተይዞ እንደ ነበረ አስረዱ፤ ይህም እውነት ነበር። ሊቀ መንበሩ ደግሞ ክዳን ክዳን መሆኑን እንጂ ሥራው ይህ መሆኑን እንደማያውቁ ተናገሩ። ክርክሩ እስከ ቀትር ቆየ። አንድ አባል ስንጥቁ የሾፌሩ ስለ ሆነ ጥቂትም ቢሆን ይክፈሉ ብለው ጸኑ። ሽማግሌው ግን መኪናዋ ያለ ክዳን ባትላክ ኖሮ ውኃ የሚፈስበት ምክንያት አይኖርም ነበር ሲሉ ተከራከሩ።

በአምስት ድምፅ ቅጣቱ ቀርቶ ሾፌሩ በጽሑፍ እንዲመከሩ ተወሰነ። በቃለ ጉባዔው ላይም «ወደፊት ይታያል» የሚል መልስ የሚሰጥ የኮሚቴ አባል የሚታይበትን ቀን አብሮ እንዲጽፍ የሚል ቃል ገባ። ለመኪናዋም አንድ መዝገብ ተከፈተ፤ በየቀኑ ምን ያህል ውኃና ዘይት እንደተጨመረ ሾፌሩ ይጽፉበታል፣ የቁጥጥር ኮሚቴው በየ15 ቀኑ ይፈርምበታል።

በማግስቱ ላንድሮቨሯ የመጀመሪያውን 8 ኩንታል ማዳበሪያ ከደብረ ብርሃን አነሣች። ሾፌሩ ከመነሣታቸው በፊት በአዲሱ መዝገብ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የካቲት ወር የጠየቁትን ቺንጋ እንደገና ጠይቀው ነበር። ገንዘብ ያዡ ከሥሩ «ሰኔ 6» ብለው ጻፉ። ቺንጋው የተገዛው ሰኔ 5 ቀን ነው።